ቁጠባውም ደስታውም የሁለታችሁ ነው

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይስፈን።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤታችን ገንዘብ ነው። ስለ ንግድ ሕግጋት ወይም ስለ ዘካ ስሌት ሳይሆን፣ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው «ይህን እናስቀምጥ፣ ይህን እንብላ፣ በዚህ እንደሰት» እየተባባሉ ስለሚስማሙበት፣ ብዙ ጊዜም ስለሚጣሉበት ገንዘብ ነው። ለሽምግልና ወደኛ ከሚመጡ የትዳር ጉዳዮች መካከል ከሥራቸው ገንዘብ የሌለባቸው ጥቂቶች ናቸው። የሚገርመው ደግሞ ጠቡ ከማጣት ብቻ አለመምጣቱ ነው። ያላቸውም ይጣላሉ። እንዲያውም አንዳንዱ ቤት በማጣት ዘመኑ ተፋቅሮ ኖሮ፣ ትንሽ ጥሪት መያዝ ሲጀምር ይታመሳል።

አንድ ምሳሌ እናንሳ። ምሳሌው የአንድ ቤት ታሪክ አይደለም፤ ከብዙ ቤቶች የሰማነውን አንድ ላይ ያደረግነው ነው። ባል መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳል። ሚስት ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። ከንግዱ በወር 40 ሺህ ብር ይገባል እንበል። የቤት ኪራዩ 12 ሺህ ነው። ባል ለቤት መግዣ ብሎ በየሳምንቱ 4 ሺህ ብር ዕቁብ ይጥላል፤ በወር 16 ሺህ ማለት ነው። ለጤፍ፣ ለዘይት፣ ለከሰል፣ ለትራንስፖርትና ለልጆች ትምህርት የሚቀረው 12 ሺህ ብር ብቻ ይሆናል። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ሱብሒን በጀመዓ ይሰግዳል፣ ሐራም ወደ ቤቱ አያስገባም፣ ልጆቹ የኪራይ ቤት እየቀያየሩ እንዳይኖሩ ይጨነቃል። ሚስትም መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር። ነገር ግን ደሴ ያሉትን እናቷን ለመጠየቅ ባሰበች ቁጥር «ዕቁቡ ይውጣና» ትባላለች። ልጆቹ ለዒድ አንድ ቦታ እንዲወጡ ስትጠይቅም «ዕቁቡ ይውጣና» ነው መልሱ። ዕቁቡ ሲወጣ ገንዘቡ ይቀመጥና ሌላ ዕቁብ ይጀመራል። ሁለተኛው መጀመሩን እንኳ የሰማችው ከጎረቤት ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ዓመት አለፈ።

በመጨረሻ እርሷ የሽንኩርቱን ዋጋ ከፍ አድርጋ መንገር ጀመረች። በ80 የተገዛው በ100 ይነገራል። የተረፈው በልብስ መሐል ይቀመጣል። አንድ ቀን ባል አገኘው። «ሌባ» ተባለች። ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ ባል የሚያነሳው የተደበቀውን 6 ሺህ ብር ነው። ሚስት የምታነሳው ግን አራቱን ዓመት ነው።

እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ሰዎች ቶሎ ብለው የሚጠቅሱት የሂንድ ቢንት ዑትባን ታሪክ ነው። ሂንድ ባለቤቷ አቡ ሱፍያን ለእርሷና ለልጆቿ የሚበቃ እንደማይሰጣት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግራቸው፣ ለእርሷና ለልጆቿ የሚበቃውን ያህል በአግባቡ እንድትወስድ ፈቅደውላታል። ሐዲሱን ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ግን ልብ እንበል። የተፈቀደላት ባል ግዴታው የሆነውን ነፈቃ ሲነፍግ፣ ያውም በአግባቡ፣ የሚበቃትን ያህል ነው። ምግቡ፣ ልብሱና መጠለያው ተሟልቶ ሳለ ለሌላ ነገር ዋጋ እየጨመሩ መደበቅ በዚህ ሐዲስ ሥር አይገባም። በምሳሌያችን ያለችው እህታችን ሂንድን ምስክር አድርጋ ልትጠራ አትችልም።

ይህን ካልን በኋላ ግን ሚዛኑን ወደ ባል እናዞራለን። ምክንያቱም የገንዘቡን ቁልፍ የያዘው እርሱ ነው፤ ውሸቱም የበቀለው እርሱ ብቻውን ባጠረው አጥር ውስጥ ነው። ወንድማችን ለቤት መግዣ መቆጠቡ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ አራት ዓመት ሙሉ የሁለት ሰዎችን ሕይወት አንድ ሰው ብቻውን ማቀዱ ነው። አበው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ቤቱ ሳይገዛ ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ።

ቁጠባ ራሱ ከሃይማኖታችን ጋር የተጣላ የሚመስላቸው አሉ። «ሪዝቅ ከአላህ ነው፣ ነገን ለምን እናስባለን?» ይላሉ። ሪዝቅ ከአላህ መሆኑን ማንም ሙስሊም አይጠራጠርም። ነገር ግን በአላህ ላይ በመመካት ከሰው ሁሉ የሚበልጡት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለቤተሰባቸው የአንድ ዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር ቡኻሪ ዘግቧል። ከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ተውባው ተቀባይነት ባገኘ ጊዜ ከደስታው የተነሣ ገንዘቡን በሙሉ ሰደቃ ሊያደርግ ሲል ከፊሉን ለራሱ እንዲያስቀር መክረውታል። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ታሞ ሳለ ከንብረቱ አብዛኛውን ሊናዘዝ ሲያስብ ከሲሶ እንዳያልፍ ነግረውታል፤ ሲሶውም ብዙ እንደሆነና ወራሾችን ሰው ደጅ ከሚቆሙ ችግረኞች አድርጎ ከመተው የተብቃቁ አድርጎ መተው እንደሚሻል አስረድተውታል። የነቢዩላህ ዩሱፍንም (ዐ.ሰ) ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። በጥጋቡ ሰባት ዓመት ያልተከማቸ እህል በድርቁ ሰባት ዓመት አይገኝም ነበር። ስለዚህ ሚስቱ ልትቆጥብ ስትል «ተወኩል የላትም» ብሎ የሚያሾፍ ባል፣ ባሏ ሊቆጥብ ሲል «ስስታም» የምትል ሚስት፣ ሁለቱም ሱናን እየነቀፉ እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

በሌላ በኩል ለቤተሰብ ማውጣት «የጠፋ ገንዘብ» የሚመስላቸው አሉ። ለመስጂድ ምንጣፍ 500 ብር ሲሰጥ ምንዳ ይጠብቃል፤ ለሚስቱ ጫማ 500 ብር ሲያወጣ ግን ከአጅር መዝገብ ውጪ የወጣ ይመስለዋል። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ላይ ግን በአላህ መንገድ ከወጣ፣ ባሪያ ነፃ ለማውጣት ከዋለና ለድሃ ከተሰጠ ዲናር ይልቅ ለቤተሰብ የወጣው ዲናር በምንዳ እንደሚበልጥ ተገልጿል። ለሰዕድ በተነገረው በዚያው ሐዲስ ውስጥ ደግሞ ባል በሚስቱ አፍ የሚያደርጋት ጉርሻ እንኳ የአላህን ፊት ከፈለገባት አጅር አላት። ጉርሻ የኛ አገር ወግ ነው ብለን ስንኮራ ምንዳ ያለበት መሆኑን የምናስታውስ ስንቶቻችን ነን?

አሁን ደግሞ ብዙም የማይነገር አንድ ሐዲስ እናንሳ። አነስ (ረ.ዐ) አስተላልፎት ሙስሊም የዘገቡት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መረቅ አሳምሮ የሚሠራ ፋርሳዊ ጎረቤት ነበራቸው። አንድ ቀን ሠርቶ ሊጋብዛቸው መጣ። እሳቸውም ዓኢሻ (ረ.ዐ) አብራ ተጋብዛ እንደሆነ ጠየቁት። አይደለችም አለ። እንግዲያውስ እኔም አልመጣም አሉ። ዳግመኛ መጣ፤ አሁንም ያለ እርሷ እንደማይሄዱ ነገሩት። በሦስተኛው ጊዜ እርሷም ትምጣ አለ፤ ሁለቱም ተነሥተው ተከታትለው ወደ ቤቱ ሄዱ።

ወንድሞቻችን ይህን ሐዲስ ይዘን ወደ ራሳችን እንመልከት። ቤት ውስጥ ስለ ቁጠባ የሚሰብክ ስንቱ ነው ምሳውን ከጓደኞቹ ጋር ጥብስ በልቶ፣ ከሰዓት ጫቱን ይዞ፣ ሲመሽ ማኪያቶውን ጠጥቶ ቤቱ ሲገባ ሽሮው ላይ ቅቤ ለምን በዛ የሚለው? በቀን ለምሳ 300፣ ለጫት 300 ብር የሚያወጣ ሰው በወር በ25 የሥራ ቀን 15 ሺህ ብር አወጣ ማለት ነው። በምሳሌያችን ለአምስት ሰው የተመደበው የወር ቀለብና ወጪ 12 ሺህ ብር እንደነበር አስታውሱ። ስለ ጫት የሚባለው ብዙ ነው፤ የዛሬው ርዕሳችን ስላልሆነ እንለፈው። ግን ደስታን ሁሉ ውጪ ጨርሶ ለቤቱ ቁጠባን ብቻ ይዞ የሚገባ ሰው ቆጣቢ አይባልም። የቆጠበው ከሌላው ሰው ድርሻ ላይ ነው።

እህቶቻችንንም ሳናነሣ አናልፍም። ዒድ በመጣ ቁጥር ያለው መጋረጃ እያለ ሌላ መጋረጃ፣ ለእህት ኒካሕ አንድ ቀን ለሚለበስ ቀሚስ ብድር፣ ጎረቤት ስለገዛች ብቻ በዱቤ የሚመጣ ዕቃ አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ባል «ከየት አመጣለሁ?» ሲል «የእገሊት ባል እኮ» የሚለው መልስ ሰውን ወደ አራጣ ብድር ሲገፋ አይተናል። አላህ በሱረቱ አጥ-ጦላቅ ላይ ባለ ሀብት ከሀብቱ፣ ሪዝቁ የጠበበበትም ከተሰጠው ልክ እንዲያወጣ አዟል። የእገሊት ባል ልክ ለሌላው ባል ልክ አይሆንም።

እንግዲህ ልኩ የት ላይ ነው? በሱረቱ አል-ፉርቃን አላህ መልካም ባሮቹን ሲገልጽ በወጪያቸው ማባከንም መሰሰትም የሌለባቸው፣ በመካከል የሚቆሙ መሆናቸውን ይነግረናል። በሱረቱ አል-ኢስራእም እጅን ከአንገት ጋር ማሰርንም፣ ሙሉ ለሙሉ መዘርጋትንም ከልክሏል። ይህን ሁላችን ሰምተነዋል። ችግሩ ባልም ሚስትም ይህንኑ መመሪያ ጠቅሰው መጣላታቸው ነው። እርሱ ኢስራፍ የሚለውን እርሷ መካከለኛ ትለዋለች። እርሷ ንፍገት የምትለውን እርሱ መካከለኛ ይለዋል። ቁርኣን ደግሞ ለምሳና ለጫማ የብር መጠን አልቆረጠልንም።

እኛ መልሱን የምናገኘው ስለ ገንዘብ ከማይናገር ሌላ አንቀጽ ነው። በሱረቱ አል-በቀራህ አላህ ሕፃንን ከሁለት ዓመቱ በፊት ጡት ስለማስጣል ሲናገር፣ ይህ የሚሆነው ወላጆቹ ሁለቱም ወደውና ተማክረው ሲሆን እንደሆነ ያስቀምጣል። አስቡት! ጡቱ የእናት ነው፣ አጥቢዋ እናት ናት፤ ሆኖም ባልን ሳታማክር አይሆንም። ባልም አስጥዪ ብሎ ብቻውን ማዘዝ አልተሰጠውም። ሕፃን ጡት ለማስጣል ምክክር ካስፈለገ፣ የአምስት ሰው የአራት ዓመት ኑሮ የሚወስን ዕቁብ ሲጀመር ምክክር አያስፈልግም የሚል ማን ነው? መካከለኛው ቦታ እንግዲህ አንዱ ለክቶ ለሌላው የሚሰጠው መጠን አይደለም። ሁለቱ ተቀምጠው፣ ወደውና ተማክረው የሚያገኙት ነው። በወር 16 ሺህ ብር ዕቁብ ተስማምተው ቢጥሉ እርሷም «የኛ ቤት» እያለች ሽሮውን በደስታ ትበላለች። ሳትጠየቅ ሲጣል ግን 4 ሺህውም ይከብዳታል።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። በወር አንድ ቀን፣ ከዒሻ በኋላ ልጆች ሲተኙ፣ ቴሌቪዥኑ ይዘጋና ወረቀትና እስክሪብቶ ይቅረብ። ባል የሚገባውን ገንዘብ በትክክል ይናገር። ሁለት ዕቁብ ካለበት ሁለቱንም ይናገር። እርሷም ሱቅ ያለውን ዱቤ አትደብቅ። ከዚያ የግድ የሆነው ይጻፍ፤ ኪራይ፣ ቀለብ፣ የልጆች ትምህርት፣ ዕዳ። በሁለቱም በኩል ለወላጆች የሚላከውም ይጻፍ፤ የእርሱ እናት ብቻ እናት አይደሉምና። ቀጥሎ ቁጠባው ይመጣል። ቁጠባው ደግሞ ስም ይኑረው፤ ለቤት ነው? ለሐጅ ነው? ለልጅ ትምህርት ነው? ስም የሌለው ቁጠባ ማለቂያ የለውም፤ «ዕቁቡ ይውጣና» የሚለው ቃል መጨረሻ ያጣው ግቡ ስላልተጻፈ ነው።

የደስታው ድርሻ እዚያው ወረቀት ላይ፣ ከመጀመሪያው፣ ከቁጠባው ጎን መጻፍ አለበት። ብዙ ቤት «ከተረፈ» ይባላል። ከሰው ኑሮ መቼም ተርፎ አያውቅም። ስለዚህ ከ100 ብር 5 ብር ብቻ ቢሆንም በስሙ ይቀመጥ። በምሳሌያችን ቤት ከ40 ሺህው ይህ 2 ሺህ ብር ነው። በወር አንዴ ቤተሰቡን ይዞ ለመውጣት፣ ወይም ስድስት ወር ተጠራቅሞ 12 ሺህ ሲሆን ደሴ እናትን ጠይቆ ለመመለስ ሊውል ይችላል። ዕቁቡ በሳምንት ከ4 ሺህ ወደ 3,500 ቢወርድ ገንዘቡ ተገኘ ማለት ነው። ቤቱ ጥቂት ወራት ይዘገይ ይሆናል። ይዘግይ።

ከዚህ ሌላ ሁለቱም ለየራሳቸው፣ ትንሽም ብትሆን፣ ምን አደረግህበት፣ ምን አደረግሽበት የማይባባሉባት ገንዘብ ብትኖራቸው እንመክራለን። ለእህቷ ልጅ ሳንቲም ለመስጠት፣ ለመስጂድ ሳጥን ለመጣል እጇን ለባሏ የምትዘረጋ ሚስት የሽንኩርት ዋጋ ብትጨምር ያስቆጣል እንጂ አያስገርምም።

ደስታ ሁሉ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። የኛው አገር ሰዎች፣ ሐበሾች፣ በዒድ ቀን በመዲና መስጂድ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናታችን ዓኢሻን ማየት ትፈልግ እንደሆነ ጠይቀው፣ ከኋላቸው አቁመው፣ እስክትጠግብ ድረስ ቆመውላታል። በጉዞ ላይ ሰዎቹን አስቀድመው ከእርሷ ጋር ሩጫ ተወዳድረዋል፤ አንዴ ቀደመቻቸው፣ ሌላ ጊዜ ሰውነቷ ሲወፍር ቀደሟት። ይህ ሁሉ አንድ ዲርሃም አላስወጣም። የጠየቀው ጊዜን ነው። እኛ ዘንድ ግን ከገንዘብ ይልቅ የሚሰሰተው ጊዜ ነው። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ወንድሙን አቡ ደርዳእን ሊጠይቅ ሄዶ ሚስቱን ራሷን ጥላ ባገኛት ጊዜ፣ በዒባዳ ተጠምዶ የቤተሰቡን ሐቅ መዘንጋት እንደሌለበት መክሮታል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሰልማንን ቃል አጽድቀዋል። በዒባዳ የማይዘነጋ ሐቅ በዕቁብ ይዘነጋል?

ስለ ቁጠባው ስልት ሁለት ነገር ጨምረን እንለፍ። አንደኛው፣ ዕቁብ ወለድ የሌለበት መልካም መረዳጃ ነው፤ የደረሰውን ዕጣ ገንዘብ ጨምሮ መግዛትና መሸጥ ግን ገንዘብን በገንዘብ አብልጦ መለወጥ ነውና ከሪባ በር ያስገባል። «ሁሉም ያደርገዋል» ማለት ሐላል አያደርገውም። ሁለተኛው፣ ገንዘብን በሣጥን አሽጎ ለዓመታት ማቆየት ቁጠባ መስሎ የሚያጎድል ነገር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ል. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የአራት ዓመት ሽሮ የተበላበት ገንዘብ ዝም ብሎ ተቀምጦ አቅሙን አጣ። የብሔራዊ ባንክ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነፃ አገልግሎትን ከፈቀደ፣ በ2021ም ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው ሥራ ከጀመሩ ወዲህ «የማስቀምጥበት የለኝም» የሚለው ምክንያት ደክሟል። በአደራ ብቻ የሚቀመጠው ወዲዓ፣ ትርፍና ኪሳራ የሚጋራው ሙዳረባ ይባላል፤ ጠይቆ መለየት ነው። የተቆጠበው ገንዘብ 85 ግራም ወርቅ የሚያወጣውን ያህል ደርሶ የጨረቃ ዓመት ከዞረበት 2.5 በመቶ ዘካ እንዳለበትም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።

በመጨረሻ ብዙ እህቶች የሚጠይቁትን እንመልስ። «ባለቤቴ ለቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ወርቄን ሽጪ ይለኛል፣ ግዴታ አለብኝ?» ይላሉ። የለባችሁም። መህሯም፣ ወርቋም፣ ሠርታ ያገኘችውም የራሷ ነው፤ ነፈቃው የባል ነው። ባል ይህን ገንዘብ ሳይጠይቅ በወረቀቱ ላይ ሊደምረው አይችልም። ወዳ ብትሰጥ ግን ትልቅ ነገር ነው። የኢብኑ መስዑድ ባለቤት ዘይነብ (ረ.ዐ) ለባሏና በእጇ ላሉ የሙት ልጆች ማውጣቷ ይበቃት እንደሆነ ስታስጠይቅ፣ የዝምድናና የሰደቃ፣ ሁለት አጅር እንዳላት ተነግሯታል።

ስትሰጥ ግን ምን ብላ እንደሰጠች ይታወቅ። ስጦታ ከሆነ ስጦታ ይባል። ብድር ከሆነ አላህ በሱረቱ አል-በቀራህ ስለ ዕዳ እንዳዘዘው በጽሑፍ ይስፈር፤ በባልና በሚስት መካከልም ቢሆን ይስፈር። በቤቱ ላይ ድርሻ ከሆነ ደግሞ ስሟ ከእርሱ ስም ጋር ካርታው ላይ ይግባ። «በኛ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚል ባል፣ ያው ቤት ሲገዛ ከሻጩ ጋር ሦስት ምስክር አቁሞ የሚፈራረመው እርሱ ራሱ ነው።